ባዶዋን ተዉአት ያልኩ ቀን

ሻይ ያልደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ሂቦ ታደርሳችኋለች። እኔ ከጀመርኩ በኋላ መሃል ላይ መነሣት የለም። ይህን ሕግ ያወጡት ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ሰው ናቸው። የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ጋሽ ልዑልሰገድ የላቦራቶሪውን በር ዘግተው ሥራ ከጀመሩ የመጣው ኃላፊ ማንም ይሁን ማን ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ እዚህ ውስጥ የጠበቁ ሰዎች አሉ፣ ስም አልጠራም።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ነስራ ባሬ እባላለሁ። የዚህ ምርምር ማዕከል የባዮቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከጋሽ ልዑልሰገድ ጋር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በወረቀት ላይ አለቃቸው እኔ ነበርኩ። በወረቀት ላይ ነው ያልኩት።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። ጥቅምት 2011 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የክረምት ግጭት ጅጅጋ ምን እንዳየች እዚህ ላለ ሰው አልተርክም። ከሌላ ክልል መጥተው አብረውን ይሠሩ የነበሩ ብዙ ባልደረቦቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ሄደዋል፤ ግማሹ ቢሮ ተቆልፏል። በር ላይ ያለው ኸሊል ነው፤ ያው ዛሬም በሩ አጠገብ ቆሟል። ከባጃጅ አንድ ሰውዬ ይወርዳሉ። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ብረት ነገር። ጊዜው ጊዜ ነውና ኸሊል ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምንድነው እሱ?»

«ድስት።»

«የምን ድስት?»

«በግፊት የሚያበስል ድስት። ጀርም ልቀቅልበት ነው።»

ኸሊል ፎጣውን አስፈታቸው። እውነትም ድስት ነው። አስገባቸውና ከአንድ ሰዓት በኋላ ለካፍቴሪያው አዲስ ወጥ ቤት ተቀጠረልን ብሎ ለግቢው ሁሉ አዳረሰ። በማግስቱ የሒሳብ ክፍሏ ፀጋ ላቦራቶሪ ድረስ ሄዳ «ዛሬ ፓስታ አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳይስቁ «ዛሬ ያለው የተቀቀለ ጠርሙስ ነው፤ ይውጣልሽ?» አሏት።

ነገሩ የገባን በሳምንቱ ነው። ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት ማሽን፣ አውቶክሌቭ የምንለው፣ ገና ጉምሩክ ላይ ነበር። ሰውዬው ድሬዳዋ ሆነው ይህን ሰምተዋል። ሌላው ሰው ማሽኑ ሲገባ ጥሩኝ ይል ነበር፤ እሳቸው የባለቤታቸውን ድስት ይዘው መጡ። አምስት ወር የሠራነው በዚያ ድስት ነው። ወይዘሮ እሌኒ፣ ድስትዎ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ አሁን ቢመለስም እንዲያበስሉበት አልመክርም።

ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። ጋሽ ልዑልሰገድ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በጅቡቲው መስመር፣ አዲጋላ ጣቢያ ነው፤ ሶማሊኛን ከእኔ ከጅጅጋዋ ልጅ በላይ ይናገራሉ። እኛ ግን ይህን ሳናውቅ አሥር ቀን ሙሉ ፊታቸው ቁጭ ብለን በሶማሊኛ ስናማቸው ከረምን። ስለ ካልሲያቸው አወራን፤ ስለ አካሄዳቸው አወራን። በአሥራ አንደኛው ቀን ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ጥርት ባለ የአዲጋላ ሶማሊኛ፣ «ካልሲዬን ተዉልኝ፤ በአካሄዴ ግን እስማማለሁ» አሉን። ከዚያ ቀን በኋላ ሐሜት በጽሑፍ ሆነ።

አሁን ቤተሰብና እንግዳ ስላለ ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል። ባክቴሪያ በዓይን የማትታይ ፍጥረት ናት። እኛ ዘረ መሏ ውስጥ ከሌላ ዝርያ የተወሰደ አጭር መመሪያ እናስገባላታለን። ያ መመሪያ የምትበላውን ስኳር እንደ ክር ወደ ረዘመ ነገር እንድትለውጠው ያደርጋታል። ክሩን እንለያለን፣ እርስ በርሱ እናያይዘዋለን፣ አድርቀን እንፈጨዋለን። ዱቄቱ ውኃ ሲያገኝ ያብጥና እንደ ጄሊ ይሆናል፤ ሃይድሮጄል የምንለው እሱ ነው። ከችግኝ ሥር ሲቀበር የጠጣውን ውኃ ቀስ እያለ ለሥሩ ይመልሳል። ዝናብ ሁልጊዜ በሚያታልለው በዚህ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ለእናንተ አልነግርም።

ባክቴሪያዎቹ አየር ስለሚፈልጉ ጠርሙሶቹ ማሽን ላይ ሆነው ይናወጣሉ። መብራት ሲሄድ ግን ማሽኑ ይቆማል። ያኔ ጋሽ ልዑልሰገድ ኮሪደር ይወጡና መጀመሪያ ያገኙትን ሰው ይይዛሉ። «እጅህ ነፃ ነው? ና ግባ።» ጓንት፣ ጋዋን፣ ከዚያ ጠርሙስ። ፀጋ አናውጣለች። ኸሊል አናውጧል። ያኔ ዳይሬክተራችን የነበሩት ዶክተር ማቲዎስ አንድ ቀን ላቦራቶሪውን ሊያሳዩ እንግዶች ይዘው ገብተው እንግዶቹም እሳቸውም አርባ ደቂቃ አናወጡ። «በክብ ነው እንጂ ወደ ላይ ወደ ታች አይደለም፣ ዶክተር። እርጎ አይደለም የምንንጠው» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዶክተር ማቲዎስም ይቅርታ ጠይቀው በክብ ማናወጥ ጀመሩ።

ቀይ እስክሪብቶአቸውን ለማንም አያውሱም። ዘረ መሉ የተነካ ባክቴሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ የቀረውን ሁሉ ሳይቀቅሉ ጠርሙስ አያጥቡም፤ «ከዚህ በር በሕይወት የሚወጣ ሰው ብቻ ነው» ይላሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ይህን በዚያ ፊታቸው ሲነግሩት ያለውን ድንጋጤ ታውቁታላችሁ። ሂቦ በማግስቱ ትቀራለች ብለን ተወራርደን ነበር። አልቀረችም፤ ከነገ ጀምሮ የላቦራቶሪው ቁልፍ የእሷ ነው።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን ባዶዋን የማያውቅ የለም። ስድስት ጠርሙስ ከተሠራ አጠገቡ ሰባተኛ አለች። ምግቡ አላት፣ ስኳሩ አላት፣ ሙቀቱም መናወጡም እኩል ነው፤ ባክቴሪያ ብቻ አይገባባትም። መጨረሻ ላይ ምንም አትሰጥም፤ ምንም አለመስጠቷን ሲያዩ ሰውዬው ደስ ይላቸዋል። «ባዶዋ እንዴት አደረች?» እያልን ስንቀልድባቸው ኖረናል። ሌሎቹ የሰጡን ነገር ከባክቴሪያዋ መምጣቱን የምናውቀው ግን በባዶዋ ብቻ ነው። ባዶዋ ከሌለች የምናውቀው ነገር የለም፤ የምንመኘው ብቻ ነው ያለን።

ከዚህ በኋላ የምናገረው አያስቅም። ይህን ንግግር እንዳደርግ የመረጣችሁኝ ቀልድ አውቃለሁ ብላችሁ ይሆናል። እኔ እሺ ያልኩት ግን ለዚህ ክፍል ነው።

ክረምት 2013 ላይ ስኳር ከገበያ ጠፋ። ሥራችን ቆመ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከዚህ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ በለስ ነው፤ እኛ ቲን የምንለው ቁልቋል። ፍሬው ስኳር ሞልቶታል፤ ይበሰብሳል እንጂ የሚጨርሰው የለም። ፍሬውን ጨምቀን ለባክቴሪያዎቹ በስኳር ፈንታ ሰጠናቸው። በሉት። የወጣው ዱቄት ከበፊቱ እጥፍ ውኃ ያዘ። እኔ ያን ቀን የሆንኩትን ፀጋ ታውቃለች፤ ቢሮዋ ገብቼ አልቅሻለሁ። የዶክትሬት ጽሑፌ ሦስት ዓመት ተንጠልጥሎ ነበርና መጨረሻው የታየኝ ያኔ ነው።

ለመስክ ሙከራ የሚበቃ ዱቄት ልንሠራ ስንነሣ ጋሽ ልዑልሰገድ መጡ። «የዚህ ጭማቂ ባዶ አልተሠራችም» አሉኝ። በጭማቂው ባክቴሪያ የሌለባት ጠርሙስ መሥራት ይፈልጋሉ። ጭማቂው ትንሽ ነው፤ የበለሱ ወቅት እያለፈ ነው። «ጋሽ ልዑል፣ ባዶዋን ተዉአት። ከባዶ ምን እናገኛለን?» አልኳቸው።

በማግስቱ እንደገና መጡ። የዚያን ቀን ተቆጣሁ። ያልኩትን አንድም ቃል አልረሳሁትም። «የዚህ ምርምር ኃላፊ እኔ ነኝ። ተዉአት አልኩ እኮ።» ወጡ። መዝገባቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ባዶዋ አልተሠራችም» ብለው ጻፉ። ማን እንደከለከለ አልጻፉም።

ጥቅምት 2014 ላይ ዱቄቱን ይዘን ወደ ሶማሌላንድ ድንበር፣ ሐርተሼክ ሄድን። የችግኝ ጣቢያው ማኅበር ሰብሳቢ አዴር ጉሃድ እዚህ አሉ፤ አዴር አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራቸው። አራት መቶ የሎሚና የኒም ችግኝ ነበር። ያ ዓመት የድርቁ ዓመት ነው። ውኃውን ከቢርካ፣ የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ በጄሪካን የሚያመላልሱት የማኅበሩ ሴቶች ናቸው፤ ያ ቢርካ ደግሞ ጎድሎ ታችኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። እኔ ሰብስቤያቸው «ከእንግዲህ በአሥር ቀን አንዴ ማጠጣት ይበቃችኋል» አልኳቸው። አንዷ እናት እጄን ይዛ መረቀችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጄሉ ሸተተ። ከዚያ ቀልጦ ውኃውን ለቀቀ። እነሱ እኔን አምነው አሥር ቀን እየቆጠሩ ነው። ተጠርተን ስንደርስ ከአራት መቶው በሕይወት የነበረው ሰማንያ ስምንት ነው። ማንም አልጮኸብንም። አዴር ጉሃድ አንዱን ችግኝ ነቅለው ሥሩን አሳዩኝና መልሰው ቦታው ላይ አስቀመጡት።

ታኅሣሥ ላይ ጉዳዩ በማዕከሉ ስብሰባ ታየ። ጋሽ ልዑልሰገድ ማንም ሳያዛቸው በረዶ ቤት ከቀረው ጭማቂ ባዶዋን ሠርተው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ጠረጴዛው ላይ ውኃ አፈሰሱባት። አበጠች። ባክቴሪያ የሌለባት ባዶዋ ከሌላው እኩል ልትሆን ምንም አልቀራት። በለስ ራሱ ዝልግልግ ነገር አለው፤ ውኃውን የያዘው እሱ ነበር፤ አፈር ውስጥ ገብቶ የበሰበሰውም እሱ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን እዚሁ ያደግኩ ነኝ፤ ያ ዝልግልግ በልጅነቴ ስንት ጊዜ እጄ ላይ ተጣብቆብኛል። ማየት የፈለግኩትን ብቻ ስላየሁ እጄ የሚያውቀውን ረሳሁ።

ዶክተር ማቲዎስ ጠየቁ። «ይቺ ባዶ ለምን ከመጀመሪያው አልተሠራችም?»

የዶክትሬት መከላከያዬ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የቅጥር ውሌም የሚታደሰው በዚያው ወር ነው። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲዞር ጋሽ ልዑልሰገድ ተነሡ።

«ባዶዋን መሥራት የእኔ ድርሻ ነበር። አልሠራሁም» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ዝም አልኩ። ዶክተር ማቲዎስ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ። ስብሰባው ተጠናቀቀ። ለጋሽ ልዑልሰገድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ በዚያ ዓመት ይገባቸው የነበረው የደረጃ እድገትም ቀረ፤ ማስጠንቀቂያ ማኅደሩ ውስጥ ላለበት ሰው ዕድሉ ሁለተኛ አልመጣም። እኔ በየካቲት ዶክተር ሆንኩ። በዓመቱ ክፍሉን ተረከብኩ።

ከስብሰባው በኋላ ሁለት ወር ያህል ከሥራ ውጭ አላናገሩኝም። እኔን ያስቀየሙኝ እሳቸው መስለውኝ ነበር፤ እንዲህ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው። ከዚያ አንድ ጠዋት ቢሮዬ ገብተው «ሐርተሼክ መመለስ አለብን» አሉ። ሄድን። አዴር ጉሃድ እንዲህ አሉን፦ «እንደገና ልትሞክሩ ከሆነ ውኃውን እናንተ ተሸከሙ።» እኔ ነገሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ጋሽ ልዑልሰገድ ግን ጃኬታቸውን አውልቀው ጄሪካን አነሡ። በሀምሳ ስድስት ዓመታቸው። በሁለተኛው ሙከራ በየሁለት ሳምንቱ እየሄዱ ከሴቶቹ ጋር ከቢርካው ውኃ አመላልሰዋል፤ እኔም ተከትያቸው አመላልሻለሁ። የሁለተኛው ዱቄት ከስኳር ፋብሪካ በሚተርፈው ሞላሰስ የተሠራ ነው፤ በየደረጃው ባዶዋ ነበረችበት፤ ውኃ የሚይዘው ከበለሱ በታች ነው። ከአራት መቶው ችግኝ ሁለት መቶ ስድሳ አንዱ ተረፈ። ዛሬ አንዳንዱ ሎሚ አፍርቷል። ያ ዱቄት የምንመካበት ሥራችን ነው፤ የምንመካበት እውነት ስለሆነ ነው።

በዚያ ሁሉ ምልልስ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ ስለዚያ ስብሰባ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ለእኔ ብለው ሸፈኑኝ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ ይቅር ብለውኛል፣ ማንሳቱ ያሳፍራቸዋል አልኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት አለፈ።

ያለፈው ሳምንት የሽኝቱን ንግግር የማደርገው እኔ መሆኔን ልነግራቸው ሄድኩ። ጠርሙስ እያደረቁ ነበር። «ጋሽ ልዑል፣ ያን ቀን ስለሸፈኑኝ ማመስገን እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ጠርሙሱን አስቀመጡ።

«ማን ሸፈነሽ?» አሉኝ።

«በስብሰባው ላይ...»

«አልሸፈንኩሽም። ባዶዋን መሥራት የእኔ ድርሻ ነበር፤ አለቃ ቢከለክለኝም መሥራት ነበረብኝ። የራሴን ተናገርኩ። ከእኔ ቀጥለሽ አንቺ ያንቺን ትናገሪያለሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«አሁንም እየጠበቅኩ ነው፣ ነስራ። አርብ እኮ ሄድኩ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጠርሙሱን አንሥተው ማድረቃቸውን ቀጠሉ። አርብ ዛሬ ነው።

እንግዲህ ዶክተር ማቲዎስ፣ ያን ቀን የጠየቁትን ዛሬ እመልሳለሁ። ባዶዋ ያልተሠራችው እኔ ተዉአት ብዬ ስላዘዝኩ ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ጊዜ በቁጣ ነው። ሐርተሼክ ላይ የደረቀው ችግኝ፣ በከንቱ የፈሰሰው የእነዚያ ሴቶች ድካም፣ በእኔ ትእዛዝ ነው። ይህንን ለአዴር ጉሃድ ቅድም በር ላይ በቋንቋችን ነግሬያቸዋለሁ። «እኔንማ ነገርሽኝ፤ ሰውዬውን ሰው ፊት ንገሪው» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ያንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለማዕከሉ አመራር አስገብቻለሁ። ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው እንዲወጣ ጠይቄያለሁ፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በእኔም ላይ የሚወሰን ካለ እቀበላለሁ። እድገቱን ግን ልመልስልዎ አልችልም፣ ጋሽ ልዑልሰገድ። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ ውስጥ ባዶዋን የረሱ ሰው ተብለው ኖረዋል፤ አዲስ ሠራተኞች ሲገቡ ይህ ወሬ ይነገራቸው ነበር፤ እኔ እየሰማሁ አልፌያለሁ። ሂቦ፣ አንቺም ሰምተሽዋል። ሐሰት ነው። እሳቸው አንድም ቀን አልረሱም።

ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወይዘሮ እሌኒ፣ እርስዎንም ልጆቻችሁንም። በዚያ ሰሞን ቤት ሲገቡ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ምስጋናዬን ደግሞ እንዴት እንደምለው አላውቅም። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ዘረ መል መቁረጥና መቀጠል ተምሬያለሁ። ያየነውን እንዳየነው መናገርን ግን በተግባር ያየሁት እርስዎ ዘንድ ነው። መማሩ ቶሎ አልሆነልኝም፤ እርስዎ እዚህ እያሉ ስለደረስኩ ግን አላህን አመሰግናለሁ።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ። ሻይ የያዘ ሻዩን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን ያንሣ። ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ድሬዳዋ በሰላም ግቡ። ጤና ይብዛልዎ፤ ጉልበትዎ አይድከም፤ ልጅዎ ቤት ካለው የኒም ጥላ ሥር ተቀምጠው የልጅ ልጆችዎን እያጫወቱ ረጅም ዕድሜ ይኑሩ። ከወይዘሮ እሌኒ ጋር አይለያያችሁ። አዲጋላ ለመሄድ ስታስቡ ደውሉልን፤ መኪና ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።

ለጋሽ ልዑልሰገድ። ለጤናቸው፣ ለክብራቸው፣ ለንጹሕ ስማቸው።

ጠጡልን። ከዚያ ማይኩ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ተቀምጠው ይናገሩ፤ የሚሉኝን ሁሉ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።